ሰባቱ የመርየሚያ እሽጎች

አሮጊቷ ሆዳቸውን ቆርጧቸው ነበር፣ በቃ፤ ሌላ ጥፋት የለባቸውም። መንፉሐ ሰፈር ካለው የቅመምና የቅጠል ሱቅ የገዙትን እሽግ ቀደዱ፣ አንድ ጭብጥ ድስት ውስጥ ጣል አደረጉ፣ እስኪፈላ ቁጭ ብለው ጠበቁ። መርየሚያ ነዋ፤ ሪያድ ውስጥ ሆዱን ያመመው ሁሉ አፍልቶ የሚጠጣው ቅጠል። ልጃቸው ከሥራ ሲመለስ በሩ ላይ ቆመ። አሸተተ። ደግሞ አሸተተ። ከዛ ጫማውን እንኳን ሳያወልቅ ኩሽና ገብቶ ድስቱን ላፍ አደረገው።

«ኡሚ! ጠጣሽ እንዴ?»

«ገና ነኝ። ምን ያስጮህሃል? ላንተም ይደርስሃል!»

ሐሺሽ ነበር።

የፈላው ተደፋ፣ የተረፈው ከነእሽጉ ፖሊስ ጣቢያ ገባ። ይሄ የሆነው ማክሰኞ ነው፣ ኖቬምበር 2021። በዚያው ቀን ሱቁ ሲፈተሽ ከአርባ የመርየሚያ እሽግ ውስጥ ስድስቱ ሌላ ቅጠል ሆነው ተገኙ። ከአሮጊቷ ጋር ሰባት። ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ስቲከር ተለጥፏል፦ «መርየሚያ፣ 250 ግራም፣ ሻጭ ቁጥር 2።»

ሻጭ ቁጥር ሁለት ደግሞ ዘቢባ ናት። ኸላስ፣ ዘቢባን ይዘዋት ሄዱ።

ረቡዕ ጠዋት ሐዋ ጣቢያ ስትደርስ ነቂብ ሙአዝ ሶፍት ውስጥ ተቀብሮ ነበር። ነቂብ ማለት ሻምበል ማለት ነው፤ ምርመራውን የያዘው እሱ ነው። ጉንፋን እንደዛ አድርጎ የጣለው መርማሪ ሐዋ አይታ አታውቅም። አፍንጫው ቀልቷል፣ ዓይኑ ያለቅሳል።

«ቢንቲ፣ ልጄ፣ እንኳን መጣሽ» አላት። «የማሽተት ጉዳይ ይዤ ማሽተት አልችልም። ዛሬ አፌም አፍንጫዬም አንቺ ነሽ።»

ሐዋ አስተርጓሚ ናት። ሪያድ ተወልዳ፣ እዚሁ በዓረብኛ ተምራ ያደገች፤ እናቷ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናቸው። ጣቢያው ሐበሻ ሴት ሲያዝ ይደውልላታል። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ከአሠሪ ጋር መጣላት ምናምን ነው። ሐሺሽ ግን የመጀመሪያዋ ነው።

ዘቢባ ስትገባ ሐዋ ክፉ ሴት ጠብቃ ነበር መሰለኝ፣ ደነገጠች። አርባ ዓመት የሚሆናት፣ ድብልብል ያለች፣ ጣቶቿ ከእርድ ብዛት ቢጫ የሆኑ ሴትዮ። ወሎዬ ናት፣ ንግግሯ ራሱ ይናገራል።

«አንቺ እህቴ፣ አማርኛ ትችያለሽ? አልሐምዱሊላህ! ንገሪልኝማ! ወላሂ እኔ ሐሺሹን ባይ አላውቀውም። አስራ አንድ ዓመት እዚህ አገር ስኖር ቀይ መብራት እንኳን ተሻግሬ አላውቅም!»

ነቂቡ ፋይሉን ገልጦ ቀስ ብሎ ተናገረ፣ ሐዋም ተረጎመች። ፋይሉ ነገ ሐሙስ ቀትር ላይ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። ከሄደ ከነቂቡ እጅ ወጣ ማለት ነው። ከዛ እስር ቤት፤ ከእስር ቤት በኋላ ተርሒል፣ ወደ አገር መባረር።

«ቁጥር ሁለት ያንቺ ነው?» ነቂቡ ጠየቀ።

«የኔ ነው። ግን የምከፍትበትን ምስጢር ቁጥር ማን የማያውቀው አለ? ስለምረሳው ጠረጴዛው ሥር በፕላስተር ለጥፌዋለሁ።»

«ምስጢር ቁጥርሽን ጠረጴዛ ሥር ለጠፍሽ?»

«የት ልለጥፈው፣ ግንባሬ ላይ?»

ነቂቡ ሊስቅ ብሎ አስነጠሰ።

ዘቢባ አንዴ ከጀመረች አታቆምም። ነገሩ የመጣው በእነዚህ በካሸር ፕሮግራሞች ነው አለች። ከመጪው ዲሴምበር ጀምሮ በእጅ የሚጻፍ ደረሰኝ ይቀራል ሲባል፣ ከፊሏ፣ አሠሪዋና የሱቁ ባለቤት አቡ ኡመር ማለት ነው፣ «የሚሻለንን እንምረጥ» ብሎ ፕሮግራም ያስሞክር ጀመር። መጀመሪያ የሕንዱ መጣ፣ እሱ ዓረብኛ ሲጽፍ ፊደሉን ይገለብጣል አሉ። ቀጥሎ የግብጻዊው።

«የግብጻዊውስ ምን ሆነ?»

«እሱማ ነገር አመላላሽ ነው! የማደርጋትን ሁሉ ለሽማግሌው ይናገርብኛል። ጠልቼው ነበር፣ ደግነቱ ከሁለት ሳምንት በፊት አባረርነው። አሁን ያለው የይመር ነው። የኛው አገር ልጅ ነው፣ ጎበዝ ነው፣ ቀልጣፋ ነው።»

ሐዋ «ነገር አመላላሽ» የሚለውን ስትተረጉም ተንተባተበች፤ ነቂቡም ሳይጽፈው አለፈ።

«ኑርሁሴን የታለ?» አለ በመጨረሻ።

ኑርሁሴን የሱቁ ዕቃ አውራጅና አሻጊ ነው። ፖሊስ ማክሰኞ በፊት ለፊት ሲገባ እሱ በጓሮ በር ወጥቶ ጠፍቷል።

ዘቢባ ዓይኗን ሰበረች። «እሱን ተዉት። ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ አልፎበታል፣ ለዛ ነው የሮጠው። ዝንብ አይነካም።»

«ንጹሕ ሰው ለምን ይሮጣል?» አለ ነቂቡ።

ሐዋ ይህን አልተረጎመችም። መንፉሐ ውስጥ ንጹሕ ሰው ለምን እንደሚሮጥ ለዘቢባ ማስረዳት አያስፈልግማ።

ሱቁ ደጃፍ ላይ ስልካቸው ላይ ያለውን የኮሮና ክትባት ማስረጃ አሳይተው፣ ማስካቸውን አስተካክለው ገቡ። ሐዋ ማስኳን ዝቅ ስታደርግ ከሙን፣ ቅርንፉድ፣ ዝንጅብል በአንዴ ፊቷን መታት። አቡ ኡመር ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ጺሙን ያሻል። ሰባ ዓመቱ ነው። ስልኩ ይጮሃል፣ ያያል፣ ይዘጋል። ደግሞ ይጮሃል፣ ደግሞ ይዘጋል።

«ማነው?» አለው ነቂቡ።

«ግብጻዊው ነው፣ ፕሮግራሙን እምቢ ያልኩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ነዘነዘኝ። ሻጭ እኮ እምቢ ሲባል አይገባውም!»

ይመር ኮምፒውተሩ ጋ ነበር። ፀጉሩ በሥርዓት የተቆረጠ፣ ሽቶው ከቅመሙ በላይ የሚሸት፣ ሰላሳ ዓመት ያልሞላው ልጅ። ሐዋን ሲያያት ፈገግ አለ።

«አህለን እህቴ! ያገሬ ልጅ በመሆንሽ ደስ ብሎኛል። ይሄ ነገር ሁላችንንም አሳፈረን እኮ» አላት በአማርኛ። ከዛ በዓረብኛ ለነቂቡ አሳየ። «ይኸው፣ ሰባቱም ስቲከር ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት፣ ከአሥር ሰዓት ከሃያ እስከ አሥር ሰዓት ከአርባ ታትመዋል። ሻጭ ቁጥር ሁለት። እኔ በበኩሌ ከሐሙስ ጠዋት እስከ ቅዳሜ ማታ ደማም ነበርኩ፣ የባቡር ትኬቴ ስልኬ ላይ አለ። ሲስተም አይዋሽም፣ የሚዋሸው ሰው ነው።»

ሐሙስ ከሰዓት ዘቢባ ሱቅ ውስጥ ነበረች።

ነቂቡ ትኬቱን አየ፣ አመሰገነ፣ አፍንጫውን ጠረገ። ይመር ሲወጣ ጠብቆ ወደ ሐዋ ጎንበስ አለ።

«አንድ ነገር ታዘብሽ? የት ነበርክ ብዬ አልጠየቅኩትም።»

«ወሬ የሚወድ ሰው ይሆናል፣ ያ ነቂብ» አለች፤ የዓረብኛው «ያ» የኛ «ሆይ» ነው። እሷ ራሷ ወሬ ስለምትወድ ይህን ወንጀል ማድረግ አልፈለገችም።

«ሊሆን ይችላል። ያላ፣ እንመዝን።»

ለመዝገቡ የሐሺሹን እሽጎች አንድ በአንድ ሚዛን ላይ አስቀመጠ፣ ሐዋ ጻፈች። ሁለት መቶ ሃምሳ። ሁለት መቶ ሃምሳ። ስድስቱም ልክ ሁለት መቶ ሃምሳ፣ አንዲት ግራም ሳትዘል፣ የላስቲኩ ክብደት ተቀንሶ። ለማነጻጸር ደግሞ ከመደርደሪያው ደህናውን መርየሚያ አነሳ።

«ሁለት መቶ ስልሳ ሁለት» አለ። «ሚዛኑ ተበላሸ እንዴ? ይሄኛው ሁለት መቶ ሃምሳ ስምንት። ይሄኛው ሁለት መቶ ስልሳ አምስት! ስቲከሩ ግን ሁሉም ላይ ሁለት መቶ ሃምሳ ነው የሚለው።»

አቡ ኡመር ከወንበሩ ተነሳ። «ዘቢባ ናት! ኪሴን የምታራቁተው እሷ ናት! አስራ አንድ ዓመት ለመንኳት፣ እምቢ አለች! ኑርሁሴንንም አስተማረችው!»

ሐዋ ሳቋ አመለጣት። ፖሊስ ፊት፣ ሐሺሽ ፊት፣ ከት ብላ ሳቀች።

«ምን ያስቃል?»

«ምርቃት ነው፣ ያ ነቂብ! እኛ ጋ ሻጭ ከመዘነች በኋላ ትንሽ ትጨምራለች። ካልጨመረች ገዢው ራሱ መርቂልኝ ይላል። ያልመረቀች ሻጭ ጋ ሁለተኛ የሚሄድ የለም። ዘቢባ ሚዛኑ ልክ ሲል ስቲከሩን ታትማለች፣ ከዛ እጇ አያስችለውም፣ ትጨምራለች። እዚህ መደርደሪያ ላይ ሳትመርቅ ያሸገችው አንድ እንኳን የለም። እነዚህን ስድስቱን እሷ አላሸገችም!»

ነቂቡ አንዱን እሽግ እንደገና ሚዛኑ ላይ አስቀምጦ ቁጥሩን አየ። ሐዋ ልቧ ወደ ላይ ሊወጣ ደረሰ።

«ቆንጆ ነው» አለ። «ግን ሐሺሽ የሚሸጥ ሰው በነጻ ይጨምራል? ዐቃቤ ሕጉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይህንን ነው።»

ልቧ ተመልሶ ቁጭ አለ።

ኑርሁሴን በዚያው ቀን ከሰዓት ባጥሐ አውቶቡስ መቆሚያ ላይ ተገኘ። ሃምሳ ዓመቱ ነው፤ ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ በጉያው ይዟል። ምንም ቢጠይቁት መልሱ አንድ ነው።

«ኢቃማዬ አልፏል። እሰሩኝ።»

«ሐሺሹን ማን አሸገው?»

«ኢቃማዬ አልፏል፣ ጌታዬ።»

«እሱን ሰማሁ!» ነቂቡ ጠረጴዛውን መታና በመምታቱ ራሱ አስነጠሰው። «ይሄ ሰው አንድ ነገር ደብቋል። ዘቢባና እሱ አብረው ሠርተውት ከሆነ ደግሞ ምርቃትሽ አለቀለት።»

ሐዋ ቤቷ ስትገባ እራት አልበላ አላት። ዘቢባ የተናገረችውን ከመጀመሪያ እያሰበች ሩዙን በማንኪያ ትገፋለች። ጠረጴዛ ሥር የተለጠፈው ቁጥር። ፊደል የሚገለብጠው ሕንድ። ነገር አመላላሹ ግብጻዊ…

ማንኪያው ከእጇ ወደቀ።

«ምን ሆንሽ?» አሉ እናቷ።

«እማዬ፣ አንድ ፕሮግራም ምን ቢያደርግ ነው ነገር አመላላሽ የሚባለው?»

«ምኑን አውቄ? የሆነች ነገር ሲያይ ሄዶ ሲናገር ነዋ።»

ሐዋ ስልኳን አነሳች። ነቂቡ ድምፁ ተዘግቶ «ነዓም» ሲል ትንፋሽ ሳትወስድ አወረደችለት። «አቡ ኡመርን ግብጻዊውን ለምን እንዳባረረው ጠይቀው! ደግሞ ያ ሰውዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ የሚደውለው ለመሸጥ ይመስልሃል?»

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሱቁ ውስጥ ነበሩ። አቡ ኡመር ያፈረ ይመስላል።

«ያ ፕሮግራም በየቀኑ ማታ መልእክት ይልክልኛል» አለ። «ዛሬ ይሄን ያህል ኪሎ በትርፍ ተሰጠ፣ ዛሬ ይሄን ያህል፣ እያለ። እንቅልፍ ነሳኝ! ሰው አስራ አንድ ዓመት ሳያውቀው የኖረውን ነገር በየማታው መስማት አለበት? በቃ ብዬ ራሴ ዘጋሁት።»

ስልኩ ጮኸ። ግብጻዊው ነው። ነቂቡ ተቀብሎ አነሳው።

«ያ ሐጅ፣ ለአላህ ብለህ ዕቃዬን መልስልኝ!» አለ ድምፁ። «ነጩን ሣጥን! ሚዛኑ ላይ የሰካሁትን! ሌላ ደንበኛ ይጠብቀኛል፣ ሁለት ሳምንት ለመንኩህ እኮ!»

ሐዋ ቀሚሷን ሰብስባ ጠረጴዛው ሥር ገባች። ከዘቢባ ፕላስተር አጠገብ፣ አቧራ የለበሰ፣ የስልክ ቻርጀር የሚያክል ነጭ ሣጥን ተለጥፎ አረንጓዴ መብራቱን ያበራል።

«ያ ነቂብ፣ አለ! ይበራል!»

የተዘጋው ስክሪኑ ብቻ ነበር። ሣጥኑ ሚዛኑ ላይ የተቀመጠውን ሁሉ ከነሰዓቱ እየጻፈ ለግብጻዊው ሲልክ ከርሟል። ሰውዬው ዝርዝሩን ወዲያው ላከው። ሐዋና ነቂቡ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው አነበቡት። ሐሙስ፣ አሥር ሰዓት ከሃያ፣ ባዶ። በዚያ ሰዓት ሚዛኑ ላይ የተቀመጠ ምንም የለም። ዓርብ ግን፣ ቀትር ሊሆን ስምንት ደቂቃ ሲቀረው፣ 250። ከሦስት ደቂቃ በኋላ 250። ሰባት ጊዜ፣ ሰባቱም ልክ። በሌሎቹ ቀናት ሁሉ ከ250 ቀጥሎ 259፣ ከ250 ቀጥሎ 263 ይመጣል፤ የዘቢባ እጅ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ዓርብ በጁምዓ ሰላት ሰዓት» አለ ነቂቡ። «ሱቁ ዝግ ነው።»

«ዘቢባስ?»

ዘቢባ ዓርብ መንሱራ ሰፈር ሙሽራ ቤት ነበረች። ሐዋ ደውላ አጣራች። ስትጨፍር የተቀረጸችበት ቪዲዮ አሥራ ስምንት ሴቶች ስልክ ላይ አለ፣ ሁሉም ካላየሽው ብለው ላኩላት።

ኑርሁሴንን አመጡት። ነቂቡ በዚህኛው ጊዜ አልጮኸበትም። ሻይ አስቀመጠለት።

«ወንድሜ ኑርሁሴን፣ ዘቢባ ዛሬ ቀትር ላይ ወደ ዐቃቤ ሕግ ትሄዳለች» አለች ሐዋ። «ዓርብ ቁልፉ ማን ጋ ነበር?»

ሰውዬው ሻዩን አየ።

«ሽማግሌው ቁልፉን ለማንም እንዳትሰጥ ብሎ አስምሎኛል። ልጁ ግን ለመነኝ። ፕሮግራሙን ላድስ፣ ሰው በሌለበት ይሻላል አለኝ። ያገሬ ልጅ ነው፣ እምቢ ልበለው? እኔ ወደ መስጊድ፣ እሱ ወደ ሱቅ። ሐሺሽ የሚባለውን ስሰማ ሁለታችንም አለቀልን ብዬ ሮጥኩ።»

«የትኛው ልጅ?»

«ይመር ነዋ።»

ይመር አራት ሰዓት ላይ እንደተጠራ መጣ፣ ሽቶው ቀድሞት። ነቂቡ አፉን ሞልቶ ሳቀለት።

«ይመር፣ እርዳን እስቲ። ለመዝገቡ አንድ እሽግ እንዴት እንደሚመዘን ማየት እፈልጋለሁ።»

«ቀላል ነው፣ ያ ነቂብ።»

መርየሚያውን ጨመረ። ሁለት መቶ ሃምሳ ሦስት። አንድ ቅጠል በሁለት ጣቱ አነሳ። ሁለተኛ አነሳ። ከግንዱ ቀንጥሶ ሌላ አነሳ። ልክ ሁለት መቶ ሃምሳ ሲል ስቲከሩን አትሞ ለጠፈ።

«ምርቃቱስ?» አለችው ሐዋ በአማርኛ።

«የምን ምርቃት? እሱ እኮ ኪሳራ ነው እህቴ። በኔ ሲስተም እንደዛ የለም።»

«እሱንስ አይተናል» አለች። አስችሏት ዝም ልትል አልቻለችም።

ነቂቡ ጎንበስ ብሎ ነጩን ሣጥን ከጠረጴዛው ሥር ነቅሎ ሚዛኑ አጠገብ አኖረው። ከዛ ወረቀቱን። ዓርብ፣ ሰባት ጊዜ፣ ልክ ሁለት መቶ ሃምሳ።

«በራስህ ፕሮግራም ላይ ቀኑን ሐሙስ ማድረግ አላቃተህም። ይሄኛውን ግን ቻርጀር መሰለህ መሰለኝ። የባቡሩንም ጠይቄያለሁ፤ ትኬት ገዝተሃል እንጂ አልተሳፈርክም።»

የይመር ቅልጥፍና ሁሉ እዚያው ደረቀ። «ይሄ ተዘግቷል እኮ…» አለ፣ ድምፁ ቀጭን ሆኖ።

ነገሩ ቀስ በቀስ ወጣ። ለይመር አስቀድመው የከፈሉት የሐሺሹ ገዢዎች እንደ ማንኛውም ሰው ገብተው ስቲከሩ ፊቱ ላይ ሳይሆን ጀርባው ላይ የተለጠፈበትን መርየሚያ እየመረጡ ይወስዳሉ። ዘቢባ ፈገግ ብላ ትሸጥላቸዋለች፣ የምትሸጠውን ሳታውቅ። ችግር ቢመጣም የሚገኘው የሷ ቁጥር ነው። አሮጊቷ ግን ዓይናቸው ደካማ ነው፤ የእሽጉን ፊትና ጀርባ ሳይለዩ እጃቸው የደረሰበትን አነሱና የይመርን ዕቅድ ሁሉ ድስት ውስጥ ጨመሩት።

«እሷ እኮ እንደ እናት ነበር የምታይህ» አለችው ሐዋ፣ ካቴናው ሲገባ።

ነቂቡ ለአቡ ኡመርም ዞረ። «የኑርሁሴንን ኢቃማ ማደስ የነበረበት ማነው?»

ሽማግሌው ጺሙን አሸ። «በዚህ ሳምንት ኢንሻአላህ…»

«ዛሬ» አለ ነቂቡ።

«ዛሬ» አለ አቡ ኡመር።

ቀትር ሊሆን ሩብ ሰዓት ሲቀረው ዘቢባ ከሴቶች ክፍል ወጣች። ሐዋ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። ዘቢባ መጀመሪያ አላመነችም፣ ወረቀቱን ገልብጣ አየች፣ ዓረብኛ ማንበብ እንደማትችል ትዝ አላት፣ ከዛ ሐዋ ላይ ተጠመጠመች። አጥንቷን እስክትሰብራት አቀፈቻት። ሐዋን፣ የሚገርመው፣ ከሁሉ በፊት እራባት።

«ማን አወጣኝ?» አለች ዘቢባ እንባዋን እየጠረገች።

«ነገር አመላላሹ።»

ዘቢባ አፏን ይዛ ቀረች።

በነጋታው ዓርብ ነው፣ ቅዳሜ ሐዋ ሱቁ ሄደች። አቡ ኡመር ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብሎ የግብጻዊውን ፕሮግራም አስከፍቶ ነበር፤ ግብጻዊው ራሱ አጠገቡ ቆሞ ያስረዳል። ኑርሁሴን ጆንያ ያወርዳል፣ አዲሱን ኢቃማ በደረት ኪሱ አድርጎ በየደቂቃው ይነካዋል።

«ዘቢባ መረጠች» አለ አቡ ኡመር። «በየማታው መልእክት እየላከ ይግደለኝ፣ ምን አደርጋለሁ።»

«መርየሚያ ሁለት መቶ ሃምሳ» አለች ሐዋ። «ለነቂቡ ነው፣ ለጉንፋኑ።»

ዘቢባ ቅጠሉን ሚዛኑ ላይ አፈሰሰች። ሁለት መቶ ሃምሳ። ስቲከሩን አተመች፣ ለጠፈች። ከዛ እጇን ጆንያ ውስጥ ከታ አንድ ጭብጥ ጨመረች። ሐዋን አየቻት፣ አንድ ጭብጥ ደገመች።

ማሽኑ ጲጵ አለ። ደግሞ ጲጵ አለ። ቀይ ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ወጣ።

«ክብደቱ ከስቲከሩ አይገጥምም ይላል» አለ ግብጻዊው።

«ይበል!» አለች ዘቢባ፣ እሽጉን እያሰረች። «መናገር ሥራው ነው፣ ይናገር።»